ሰሌዳና መዝገብ፦ ጊዜያዊ መረጃ ኮምፒዩተርዎ ውስጥ የት ይቀመጥ?

በዚህ ዓምድ ስለ ቪዛና ስለ ግብር እንጂ ስለ ኮምፒዩተር እምብዛም አናነሳም። የዛሬው የኮምፒዩተር ጉዳይ ግን መጨረሻው የሂሳብ መዝገብዎ ላይ ነውና በጥሞና ይከታተሉን።

ሂሳቡን የምሠራለት አንድ የጥቂት ታክሲዎች ባለቤት ነበር። ደንበኛ በደወለ ቁጥር የማሰማሪያ ፕሮግራሙ ባዶ መኪናዎችን የሚዘረዝር ጊዜያዊ የዳታቤዝ ፋይል ዲስክ ላይ ይከፍታል፤ ሥራው ሲያበቃ ያጠፋዋል። ፕሮግራሙ በመካከል ሲቋረጥ ግን ፋይሉ ሳይጠፋ ይቀራል። እንዲህ እየተጠራቀመ አንድ ቅዳሜ ማታ ዲስኩ ሞላ፤ የክፍያ መዝገቡም አልጽፍ አለ። ፕሮግራመሩ ተጠርቶ ሁሉንም ነገር ወደ ሜሞሪ አዛወረው። ፍጥነቱ ደስ ያሰኝ ነበር። በሳምንቱ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ግን የአንድ ምሽት ክፍያ አብሮ ጠፋ። ከካርድ ክፍያ ዝርዝርና ከሾፌሮቹ ማስታወሻ እየለቀምን መዝገቡን ለመጠገን 2 ሳምንት ፈጀብን፤ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለውን ግን በሙሉ አላገኘነውም።

ስህተቱ ሰሌዳንና መዝገብን አለመለየት ነው። በሱቅዎ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ነገ ይደመሰሳል፤ የዱቤ መዝገቡ ግን አይነካም። ሜሞሪ ሰሌዳ ነው፤ ዲስክ መዝገብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ሲያሠሩ የሚከተሉትን 3 ጥያቄዎች ያንሱ።

1ኛ/ መብራት ቢጠፋ መረጃው ከሌላ ቦታ ተመልሶ ይገኛል? የባዶ መኪናዎች ዝርዝር ሾፌሮቹ እንደገና ሲገናኙ ይሞላል፤ ሜሞሪ ይበቃዋል። ክፍያ፣ ደረሰኝና የሠራተኛ ደመወዝ ግን ዲስክ ላይ ይቀመጡ።

2ኛ/ መጠኑ ስንት ነው? እያንዳንዱ 500 ባይት የሆነ 10,000 መስመር 5 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ለዛሬ ኮምፒዩተር ከቁጥር አይገባም። ሆኖም ጣሪያና የማብቂያ ሰዓት ይበጅለት፤ አለዚያ ዲስኩን የሞላው ችግር ሜሞሪውንም ይሞላዋል።

3ኛ/ ስንት ፕሮግራም ይጋራዋል? አንድ ብቻ ከሆነ በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚያዝ ተራ ሠንጠረዥ ይበቃል። መደርደርና ማጣራት ካስፈለገ ኤስኪውላይት የተባለው ነጻ ዳታቤዝ በፋይል ስም ፈንታ «ሜሞሪ» የሚል ልዩ ስም ሲሰጠው መረጃውን ሜሞሪ ላይ ብቻ ይይዛል። ግንኙነቱ ሲዘጋ ግን ሁሉም ይጠፋል፤ በተለመደው አሠራርም አንዱ ግንኙነት የሌላውን አያይም። ብዙ ሰርቨሮች የሚጋሩት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሜምካሽድ ወይም በ2009 የወጣው ሬዲስ ይመረጣል። ሜምካሽድ ሲሞላ ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን ራሱ ይጥላል፤ ሬዲስ ደግሞ ከታዘዘ ወደ ዲስክም ይገለብጣል።

በአሜሪካ የሚነግዱ ከሆነ ይህን አይርሱ፦ የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይ.አር.ኤስ.፣ የገቢና የወጪ ማስረጃ በአብዛኛው 3 ዓመት፣ የሠራተኛ ግብር መዝገብ ደግሞ ቢያንስ 4 ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። መርማሪው ሲመጣ «ሜሞሪ ላይ ነበር» ማለት ደረሰኝ አይሆንም።

ዛሬውኑ ፕሮግራመርዎን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «አሁን ሰርቨሩን ብናጠፋው ምን ይጠፋል?» በመልሱ ውስጥ ገንዘብ ካለ ሥራው ገና አላለቀም።

መልካም ገበያ ይሁንልዎ።