አሮጌ መኪና እንደ አዲስ ሲሸጥ

መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከግምጃ ቤት ወደ እንጅባራ ሰው የሚያመላልስ መኪና አለ። ድንችና ከሰል የሚጭን አይሱዙ አለ። ከሁለት ሰው በላይ የማይዝ፣ እህል የማይጭን፣ ለፍጥነትና ለደስታ ብቻ የተሠራ መኪናም አለ። ይህኛው የስፖርት መኪና ይባላል።

«የማይጭን መኪና ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለአዊ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ በጌጥ ተሸልሞ ሲወጣ ያየ ሰው «ይህ ፈረስ ስንት ኩንታል ይጭናል?» ብሎ አይጠይቅም። የስፖርት መኪና የሚወድም ሰው እንደዚሁ ነው።

እንግሊዞች በዚህ መኪና ሥራ የታወቁ ናቸው። አቢንግደን በምትባል ከተማ የነበረው ኤም ጂ የተባለ ፋብሪካ ኤም ጂ ቢ የሚባለውን መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ሠራ። ብዛቱ ከ500 ሺህ በላይ ነበር። በ1980 ፋብሪካው ተዘጋ። ከዚህ ይልቅ ፈጣኑና ውዱ ጃጓር ኢ-ታይፕ ነው። እርሱ በ1961 ወጣ። የተሠራው ግን 72 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ እናቲቱ ከሞተች ሌላ ውርንጭላ ከየት ይመጣል? ያሉት መኪኖች አንዳንዱ ተጋጨ፣ አንዳንዱ ዛገ፣ አንዳንዱ ቆሞ ቀረ። ፈላጊው ግን አልጠፋም። ስለዚህ አሮጌው መኪና ታድሶ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ከብዙ አዲስ መኪና ይበልጣል።

ወደ አገራችን እንምጣ። እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ኢትዮጵያ የገባው ጥንት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ድረስ አመጣ። ያን ጊዜ ባቡሩ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ የመኪና መንገድም አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታዩት አሮጌ መኪኖች አንዱ ግን ጀርመን ሠራሹ ቮልስ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ቮልስ አሁንም ዳገት ሲወጣ ይታያል። ለምን አልተጣለም? መኪና ውድ ስለሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው ይጠገናል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ይፈለጋል። ባትላሜራው የተጨማደደውን ቆርቆሮ በመዶሻ ያቃናል። በእኔ ግምት ከእርሱ ሥራ የሚከብድ የለም። ሞተር ቢበላሽ ሌላ ሞተር ይገኛል፤ የዛገ አካል ግን በእጅ እንደገና መሠራት አለበት።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። «ታደሰ» ማለት ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ መኪናው እስከ አጥንቱ ተፈቶ፣ የዛገው ተቆርጦ ወጥቶ፣ በአዲስ ብረት ተበይዶ ሲገጠም ነው። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው፣ ዝገቱ ሳይነካ በላዩ ስቱኮ ተለጥፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲቀባ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ዓይን አይለያቸውም። በገበያ ቀን በሬውን ጨው አልሶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ ሆዱን ነፍቶ የሚያመጣ ነጋዴ ታውቁ የለ? ያው ነው።

ይህ ገንዘብ ብቻ የሚያስከስር ነገር አይደለም። እንደ ኤም ጂ ቢ ያለው መኪና ለብቻው ሻንሲ የለውም። ክብደቱን የሚሸከመው አካሉ ራሱ ነው። ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ደፍ ለቤት እንደ ወጋግራ ነው ማለት ይቻላል። ውኃና ጭቃ ገብቶ ከውስጥ የሚበላውም እርሱን ነው። ደፉ በልቶ በላዩ ቀለም ከተቀባ፣ መኪናው ሲጋጭ እንደ ደረቅ አገዳ ይታጠፋል። ሞርጋን የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ደግሞ የመኪናውን አካል ውስጡን በእንጨት አዋቅሮ ቆርቆሮ ያለብሰዋል። እዚያ ላይ መፈተሽ ያለበት ዝገት ብቻ ሳይሆን የእንጨት መበስበስም ነው። ይህንን ከማንኛውም መካኒክ ይልቅ ሞፈር የሚጠርብ ገበሬ ያውቀዋል።

ታዲያ በምን ይለያል? ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በአካሉ ላይ ማስጠጋት ነው። ብረት ማግኔትን ይስባል፤ ስቱኮ አይስብም። ማግኔቱ በሩ ላይ ተጣብቆ ደፉ ላይ ከወደቀ፣ ከቀለሙ በታች ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው አካሉ ብረት ሲሆን ነው፤ አሉሚኒየምን ማግኔት አይስበውም። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ መዝጋት ነው። ጫፉ ከደፉ ጋር ካልገጠመ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ አካሉ ጎብጧል። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን ማየት፣ ከሥር ገብቶ በጣት መጫን ደግሞ ነውር የለውም። «አትንካ» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ጥሎ መሄድ ነው።

መሪው በስተቀኝ መሆኑንም ልብ በሉ። በእንግሊዝ አገር መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ለውጣለች። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና በእኛ መንገድ ከጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ሲቀድም ሹፌሩ ፊቱን አያይም።

የቀረው ንባብ ነው። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ተመሳሳይ ቁጥር በመኪናው ብረት ላይም ተመትቷል። ደላላው በቃሉ ቢያነብላችሁ አትቀበሉ፤ ሊብሬውን በእጃችሁ ይዛችሁ ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ቁጥሩ ካልገጠመ መኪናው የተሰረቀ ወይም ከሁለት መኪና የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የወጣው መሆኑም በዋጋው ላይ ለውጥ ያመጣል።

መልመጃ። በሊብሬው ላይ 418263 ተብሎ ተጽፏል። በብረቱ ላይ የተመታው 418283 ነው። ልዩነቱ ስንተኛው አኃዝ ላይ ነው? ሻጩን ምን ትጠይቁታላችሁ?