የእግር ኳስ ቡድን ስምና ምልክት

ከብታችን ከጎረቤት ከብት ጋር ሲደባለቅ በምን እንለየዋለን? በምልክቱ ነው። የእግር ኳስ ቡድንም በስሙና በልብሱ ምልክት ይታወቃል።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሰዎች በአዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ አንድ ቡድን አቋቋሙ። በአራዳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት።

ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን ከተማይቱን ያዘ። የቡድኑንም ስም አስለወጠ፤ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲባረር የቀድሞው ስም ተመለሰ። በደርግ ዘመን ደግሞ ቡድኑ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫወተ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ እንደገና ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ። ስሙ ሁለት ጊዜ ተወሰደ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

ደጋፊዎቹ ዛሬ ሁለት ጣታቸውን ከፍተው ያሳያሉ። ይህ «ቪ» የሚባል የፈረንጅ ፊደል ቅርጽ ነው። በቡድኑ ልብስ ደረት ላይም አለ። ፊደል ያልቆጠረም ሰው አይቶ ይለየዋል።

የኛው የጎንደር ቡድን ፋሲል ከነማም ስሙን ያገኘው ግንቡን ካሠሩት ከዐፄ ፋሲል ነው። ደጋፊዎቹ «ዐፄዎቹ» ይሉታል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በላ።

ምልክትን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የተጻፈ ስምን የሚያውቀው ግን ያነበበ ብቻ ነው። እንግዲህ በመሬት ደብተራችን ላይ የማን ስም እንደ ተጻፈ ራሳችን እናንብብ። ተለውጦ ብናገኘው እንዲታረም እንጠይቅ።

ጥያቄ
1. የቡድኑ ስም ስንት ጊዜ ተለወጠ? መቼ መቼ ተመለሰ?
2. ስማችሁን ከነአባታችሁ ጻፉ።