«አገር ስጡኝ»፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በእንቆቅልሽ ገንዘብ ማሰባሰብ

እንቆቅልሽ መፍታት ያቃተው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ፣ ጥቂት ቀልዶበት መልሱን ይነግረዋል። ይህን የልጅነት ደንብ ወደ ጎዳና አውጥታችሁ በአገሩ ፈንታ 50 ብር ብታስከፍሉ፣ ለበጎ አድራጎት የሚሆን የሀብት ፍለጋ ጨዋታ አገኛችሁ። የሚከተለው አሠራር ለ50 ተሳታፊዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

1. ዓላማውን በቁጥር አስቀምጡ። «ለችግረኞች» ከማለት «ለአረጋውያን መጦሪያ 20 ብርድ ልብስ» ማለት ኪስ ያስፈታል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስም፣ በደረሰኝና በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ይሁን። በግለሰብ ሂሳብ አትቀበሉ።

2. አስቀድማችሁ አሳውቁ። ቀኑን፣ መንገዱንና የሰዉን ብዛት ጽፋችሁ ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ ደብዳቤ አስገቡ። ሽልማቱን በዕጣ አታድርጉት፤ ዕጣ የራሱ ፈቃድ አለው። አሸናፊውን የሚለየው ብልሃት ይሁን።

3. ቀንና መንገድ ምረጡ። ከክረምቱ ወጥታችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከ4 ሰዓት ጀምሩ። ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎ ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ዳገት ስላለው ለአዛውንትም ለሕፃንም ጊዜ ጨምሩ።

4. እንቆቅልሾቹን ከቦታው ታሪክ አውጡ። ለምሳሌ፦

አራት ኪሎ፦ «ጠላት ከተማዋን በያዘበት ቀን፣ በአምስተኛው ዓመት ንጉሡ ተመለሱባት። ቀኑ ስንት ነው?» መልሱ ሚያዝያ 27 ነው፤ ጠላት የገባው በ1928፣ ንጉሡ የተመለሱት በ1933።

አምስት ኪሎ፦ «ዕድሜዬ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ያልፋል፤ ስሜ ግን የዛሬ ልጅ ስም ነው።» ድንቅነሽ ናት። መልሱን ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ ለቆመው አስተባባሪ የነገረ ቡድን «ትልቁ ቁጥር ይቅደም» የሚል ወረቀት ይቀበላል።

ስድስት ኪሎ፦ «ስሜ ቀን ነው፤ ዕለቱ ሲደርስ ከተማው አበባ ይዞልኝ ይመጣል።» የየካቲት 12 ሐውልት ነው። እዚህ በ1929 የተጨፈጨፉት ስለሚታሰቡ ሁካታ አይፈቀድም።

27 እና 12 ሲገጣጠሙ 2712 ይሆናሉ፤ ይህ የሣጥኑ ባለአራት አኃዝ ቁልፍ ነው። ሣጥኑን መጨረሻው አካባቢ በሚተባበራችሁ ካፌ ውስጥ አስቀምጡት። የከፈተ ቡድን ከውስጡ አንድ ሪባን ይወስዳል፤ አስተባባሪው መልሶ ይቆልፋል።

5. ጎዳና ላይ ምንም አትደብቁ። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ፖሊስ ያስጠራል። አካባቢው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስላሉበት «ፎቶ አንሥታችሁ አምጡ» የሚል ጥያቄም ይቅር።

6. ሂሳቡን አስሉ። አምስት አምስት ሰው ያላቸው 10 ቡድኖች በነፍስ ወከፍ 300 ብር ቢከፍሉ 15,000 ብር ይሆናል። ሦስት ነጋዴዎች አንዳንድ ጣቢያ በ3,000 ብር ስፖንሰር ቢያደርጉ 9,000 ብር ይጨመራል። እንቆቅልሽ ያቃተው ቡድን «አገር ስጡኝ» ሲባል 50 ብር ከፍሎ ፍንጭ ያገኛል፤ በሰዓቱም ላይ 5 ደቂቃ ይጨመርበታል። እያንዳንዱ ቡድን አራት አራት ጊዜ ቢከፍል 2,000 ብር ነው። ከጠቅላላው 26,000 ብር ለኅትመትና ለውኃ ከ4,000 በላይ አታውጡ። ሽልማቱን በስጦታ ለምኑ።

7. አስቀድማችሁ ሞክሩት። መልሱን የማያውቅ ሰው መንገዱን ይሂድበት፤ እሱ የተደናገረበትን እንቆቅልሽ አስተካክሉ።

8. በዕለቱ ቡድኖቹን በ5 ደቂቃ ልዩነት ልቀቁ። አሸናፊው በአጭር ጊዜ የጨረሰው እንጂ ቀድሞ የደረሰው አይደለም። መሮጥ ክልክል፣ መንገድ መሻገር በዜብራ ብቻ፣ ሕፃናት ከአዋቂ ጋር ይሁኑ። በየጣቢያው ሁለት አስተባባሪ፣ አንድ ቦታ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይኑር።

9. በሳምንቱ ሪፖርት አድርጉ። ገቢውን፣ ወጪውን፣ የብርድ ልብሶቹን ደረሰኝና የተረከበውን ድርጅት ማረጋገጫ ለከፈለው ሁሉ ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት «እንቆቅልሽ» ስትሉ «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመልስ ሰው የምታገኙት፣ ያለፈው ዓመት 50 ብር የት እንደገባ ካሳያችሁት ነው።