«አንተ» እና «አንቺ»፦ የልዩ ልዩ ቋንቋ ልጆች በአንድ የመማሪያ ክፍል

ቋንቋቸውና ባህላቸው የተለያየ ሕፃናት በአንድ ወንበር ላይ ስለ ተቀመጡ ብቻ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ ማለት አይደለም። ይህን የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲድ ከደረሰላት ወዲህ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው በጉርብትና የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ግብረ ገብ ሳስተምር፣ ከገጠር የመጣች ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን «አንተ፣ መጽሐፍህን አውሰኝ» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ፈገግ ብዬ «አንቺ ነው የሚባለው» ስል አረምኋትና ትምህርቴን ቀጠልሁ። ያቺ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላነሣችም።

ልጅቱ ግን የተናገረችው ያለ ሕግ አልነበረም። በኦሮምኛ «አቲ» የሚለው ተውላጠ ስም ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ የሶማልኛው «አዲጋ»ም እንዲሁ ነው። አማርኛ ግን «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ይለያል። እርስዋ የእናቷን ቋንቋ ሥርዓት ተከትላለች፤ እኛም የሳቅነው በዚያ ሥርዓት ላይ ነበር።

በዚያች ሰዓት «በየቤታችሁ ይህ እንዴት ይባላል?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስት ቋንቋዎች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን በተጻፉ ነበር። አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሕፃን ቃሉና ነገሩ አንድ ይመስሉታል። ሌላው ሰው ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ እንደሚከፍለው ሲያይ የራሱንም ቋንቋ ሕግ ማስተዋል ይጀምራል፤ ነገርን በባልንጀራው ዓይን መመልከትንም ይለምዳል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀመው፣ የሳቀው አማርኛ ተናጋሪ ልጅ በሆነ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑ ለሕፃናት መልካም መሠረት ነው። ሆኖም በየቋንቋቸው ተለይተው የሚማሩ የአንድ ከተማ ልጆች የሚገናኙት በዕረፍት ሰዓት ብቻ ከሆነ ትልቅ ነገር ይቀርባቸዋል።

ስለ ቋንቋዎች ስንናገር ዘወትር በዓለ ጰራቅሊጦስን እንጠቅሳለን። ለመምህር ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ በዕለታዊው እደላ መበለቶቻችን ተረሱ ብለው ባጕረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት ዝም አላሰኟቸውም፤ ሰባት አገልጋዮች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታውን ተቀብለው አደራውን ቅሬታ ላቀረቡት ወገኖች ሰጡ ማለት ነው።

በየቁምስናችሁ በምታደርጉት ስብሰባ በዚህ ላይ ተወያዩ፦ በክፍላችሁ ካሉት ልጆች መካከል ወር ሙሉ እጁን ያላነሣ ማን ነው? በቤቱስ የሚነገረው ቋንቋ የትኛው ነው?