ከችግር በኋላ ወደ ሥራ መመለስ፦ ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የምንማረው



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀመዓችን ሁለት ዓይነት ተማሪዎችን ይቀበላል። አንዱ አዲስ ገቢው ነው። ሌላው በሕመም፣ በቤተሰብ ሐዘን፣ በሰላም እጦት ወይም በውጤት ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ ቆይቶ የተመለሰው ነው። አዲስ ገቢውን ዶርሙን እናሳየዋለን፣ ወደ መስጂድ እንወስደዋለን። የተመለሰውን ግን ግቢውን ያውቀዋል ብለን ሰላም ብለነው እናልፋለን። እሱ ደግሞ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ተቀምጦ “ልቤ ሳይረጋጋ እንዴት ልማር?” ይላል። የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ ነው። ሥራ የልብን መረጋጋት ተከትሎ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በአላህ ፈቃድ ልብን ከሚያረጋጉ ሰበቦች አንዱም ነው።

ሁሉን ትተው የመጡት ነጋዴ

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ በጀነት ከተበሰሩት 10 ሰሓቦች አንዱ ናቸው። የቁረይሽ ግፍ ሲበረታ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ቀደምት ሙስሊሞች መካከልም ነበሩ። በ622 እ.ኤ.አ. ሂጅራ ሲሆን ንብረታቸውን መካ ትተው መዲና ገቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው።

ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰዕድ የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው አቀረቡ። ዐብዱረሕማን ግን አላህ በቤተሰባቸውና በንብረታቸው በረካ እንዲያደርግላቸው ዱዓ አድርገው፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። የበኑ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩዋቸው። በዚያው ቀን የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ፤ በማግስቱም ሄዱ። ከጊዜ በኋላ ሽቶ ተቀብተው ነቢዩ ዘንድ ቀረቡ፤ አንዲት የአንሷር ሴት አግብተው ነበር። ነቢዩም አንድ በግ እንኳ አርደው ወሊማ እንዲደግሱ አዘዟቸው።

ልብ እንበል! መካ የቀረው ንብረታቸው እስኪመለስ አልጠበቁም። የጀመሩትም በአይብና በቅቤ ነው።

የምናገኛቸው ጥቅሞች

1. ክብር ይጠበቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን ከመለመን ይልቅ ገመድ ይዞ፣ እንጨት በጀርባ ተሸክሞ መሸጥ እንደሚሻል አስተምረዋል። ንጉሥ የነበሩት ነቢዩላህ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ነግረውናል። ችግር ሰውን ብዙ ነገር ያሳጣዋል፤ ከሁሉ የሚከብደው “ምንም አልረባም” የሚለው ስሜት ነው። በእጅ የተሠራ ትንሽ ነገር ይህን ስሜት ይሰብረዋል።

2. ጭንቀት ቦታ ይጠበዋል። ነቢዩ በዱዓቸው ከጭንቀትና ከሐዘን፣ አስከትለውም ከአቅመ ቢስነትና ከስንፍና በአላህ ይጠበቁ ነበር። ዑለማዎች እንዳብራሩት ጭንቀት ስለሚመጣው፣ ሐዘን ስላለፈው ነው። አንዱ ነገን፣ ሌላው ትናንትን ይይዙብናል። ሥራ ደግሞ ዛሬን ያስይዘናል። በሰላት አምስት ቦታ የተከፈለ ቀን በመካከሉ የሚሠራ ነገር ሲኖረው ይሞላል።

3. ወደ ሰው እንመለሳለን። ዐብዱረሕማን ባይተዋር ሆነው መጡ። ገበያ ወጡ፣ ተዋወቁ፣ ቤተሰብ መሠረቱ፣ ደገሱም። ዶርም ዘግቶ የተኛ ተማሪ ወዳጅ አያገኝም፤ ክፍልና ላይብረሪ የሚመላለስ ግን ሳያስበው ያገኛል።

4. ሰጪ እንሆናለን። የሚሰጠው የላይኛው እጅ ከሚቀበለው የታችኛው እንደሚበልጥ ከነቢዩ ተምረናል። ባዶ እጃቸውን የመጡት ሙሃጂር ኋላ በሰደቃቸው የሚታወቁ ባለጸጋ ሆነዋል።

አቅም ካልፈቀደስ?

ይህ ሁሉ የታመመን ሰው “ተነሥ” ብሎ ለመውቀስ አይደለም። አንድ ባሪያ ሲታመም ወይም መንገድ ሲወጣ፣ ጤነኛና አገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት በሶሒሕ ሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ ማረፍ በሚገባ ጊዜ ማረፍ ነውር አይደለም። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የከለከለውም ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል፤ መታከም ሱና ነው።

አቅሙ ሲመለስ ግን በጥቂቱ እንጀምር። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው ነውና። በመጀመሪያው ሳምንት ዲፓርትመንት ሄደን የቀሩንን ኮርሶች እናጣራ። ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ለአንድ ኮርስ እንመድብ። የጓደኞቻችን ባች መመረቁን እየቆጠርን “ያኔ እንዲህ ባደርግ ኖሮ” ከማለት እንቆጠብ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠቅመንን እንድንፈልግ፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንሳነፍ መክረው፣ “ኖሮ” ማለት የሸይጧንን ሥራ እንደሚከፍት አስጠንቅቀዋልና።

የሰዕድ ድርሻ የማን ነው?

የእኛ የቀሪዎቹ ነው። ሰዕድ ሳይጠየቁ አቀረቡ። ወንድማቸው ሌላ መንገድ ሲመርጡ ደግሞ መንገዱ ተጠቆመላቸው። በጀመዓችንም የተመለሰውን ወንድም ወይም እህት “ለምን ቆየህ? ለምን ቆየሽ?” ብለን አንመርምር። ሃንድአውትና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን እናካፍል። ሬጅስትራር ሲሄዱ አብረን እንሰለፍ። ገንዘብ የቸገረውን በምስጢር እናግዝ። ሰዕድ በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ ሆነዋል፤ ያ ግብዣቸው ግን እስከዛሬ ትምህርት ሆኖ ይነገራል።

በሱረቱ አሽ-ሸርሕ አላህ (ሱ.ወ) ከችግር ጋር ምቾት እንዳለ ሁለት ጊዜ ካበሰረ በኋላ፣ አንዱን ሲጨርሱ ለሌላው እንዲተጉ ነቢዩን ያዛቸዋል። ብሥራቱና ትጋቱ አብረው መጡ። እኛም ብሥራቱን አምነን ትጋቱን እንያዝ።

አላህ ሆይ! የተቸገሩትን አግራላቸው፣ የታመሙትን አሽር፣ የተመለሱትን አጽና፣ እኛንም ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን መንገድ የምናሳይ አድርገን። አሚን።