የአበባ ቼሪ ይገረዛል ወይስ አይገረዝም?

በጃፓን አገር ስለ አበባ ቼሪ የሚነገር የቆየ አባባል አለ። ቼሪን የሚቆርጥ ሞኝ ነው፤ ፕሪምን የማይቆርጥም ሞኝ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ አባባል ዝም ብሎ አይፈጠርም፤ ብዙ ዛፍ ከሞተ በኋላ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜን ጃፓን የሂሮሳኪ ከተማ አትክልተኞች ቼሪያቸውን ለረጅም ዕድሜ ያበቁት ይህንኑ አባባል ጥሰው ነው። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው።

በመጀመሪያ ዛፉን እንወቅ። በጃፓን በብዛት የሚታየው ዝርያ ሶሜይ ዮሺኖ ይባላል። ከዘሩ ቢበቅል እናቱን ስለማይመስል የሚባዛው በግራፍቲንግ ነው፤ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ሥር ላይ በማጣበቅ። በመሆኑም ዛፎቹ በሙሉ የአንድ ዛፍ ቅጂዎች ናቸው። በአንድ አካባቢ በአንድ ሰሞን የሚያብቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሌላውንም የሚያጠቃውም እንደዚሁ። የቼሪ ዋና ድክመት ቁስሉ ነው። ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም፤ በዚያ ክፍተት ፈንገስ ይገባና እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። እንግዲህ አባባሉ ከዚህ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ሂሮሳኪ የሚገኘው በአኦሞሪ ክፍለ ሀገር ነው። አኦሞሪ ደግሞ የጃፓን ፖም ከግማሽ በላይ የሚመረትበት አካባቢ ነው። በከተማው ቤተ መንግሥት ፓርክ ውስጥ 2,600 ያህል ቼሪዎች አሉ፤ በ1882 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተተከሉት የተረፈም ይገኝበታል። ሶሜይ ዮሺኖ 60 ዓመት ገደማ ይኖራል እየተባለ እዚህ ግን ከ100 ዓመት በላይ የሆናቸው በርካታ ናቸው። ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢባል፣ አትክልተኞቹ በ1950ዎቹ የፖም ገበሬውን የገረዛ ዘዴ ወደ ቼሪው ማምጣታቸው ነው። ቼሪና ፖም የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። ያረጀው ቅርንጫፍ ሲነሳ አዲስ ይተካል፤ አዲሱም በደንብ ያብባል። እንደ ወትሮው ከአንድ እምቡጥ 3 ወይም 4 አበባ የሚወጣ ሲሆን በሂሮሳኪ ግን 4 እና 5 የተለመደ ነው።

ይሁንና ሂሮሳኪዎች የቆረጡት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። አቆራረጡን በሦስት ነጥብ ማየት ይቻላል።

1. ቅርንጫፉ በቀጭንነቱ ይቆረጥ። ትንሽ ቁስል ቶሎ ይገጥማል።

2. ከግንዱ ጋር ተላጭቶ አይቆረጥ፣ ጉቶም አይተው። በቅርንጫፉ መነሻ ላይ እንደ አንገትጌ ያበጠ ቦታ አለ፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በእርሱ ነው። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሻይጎ በ1977 እንዳስረዱት ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው አያድንም፤ አጥሮ ያስቀረዋል እንጂ።

3. የታመመው ሳይዘገይ ይነሳ። በፈንገስ ምክንያት እንደ መጥረጊያ የሚጠቀጠቅ የቅርንጫፍ በሽታ አለ። ይሄ ካልተቆረጠ ወደሌላው ይዛመታል። እንግዲህ አለመቁረጥም ሞኝነት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ጊዜውስ? በሂሮሳኪ የሚገረዘው በክረምቱ መጨረሻ፣ በረዶው ገና ሳይሟሟ ዛፉ እንደተኛ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን በበጋ አጋማሽ ይመከራል፤ ምክንያቱም እርጥብና ለዘብ ባለው ክረምታቸው የቅጠል ብር በሽታ የሚባለው ፈንገስ በአዲስ ቁስል በኩል ይገባል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልንይዘው የሚገባን ወሩን ሳይሆን ምክንያቱን ነው፦ ቁስል የሚከፈተው የበሽታው ዘር በማይሰራጭበት ወቅት ይሁን።

ገረዛ ብቻውን ግን ዛፍ አያቆምም። የቼሪ ሥር ከላይ ከላይ የሚሄድ ስለሆነ አየር ይፈልጋል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬትም ሆነ በእግር የተጠቀጠቀ አፈር ያፍነዋል። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኝና ውኃ የሚያሳልፍ ቦታ ይመረጥ፤ ጉድጓዱ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይሁን፤ የተጣበቀበት ቦታ ከአፈር በላይ ይቅር። ጉዝጓዝ ይደረግለት፣ ግንዱን ግን አይንካ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውኃ አይጓደልበት።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ሶሜይ ዮሺኖ እንቅልፉን ለመጨረስ ረጅም የክረምት ብርድ ስለሚፈልግ እኛ ጋ ተክሎ አበባ መጠበቅ አያዋጣም። ነገር ግን በየጓሮአችን ያለው ኮክ የቼሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የደጋው ጥቁር እንጨትም እንዲሁ። ኮኩ በመጥረቢያ ተመትቶ ሙጫ ሲያንጠባጥብ ያላየ የለም። ከዚያ በኋላ ዛፉ ሲደርቅ «አርጅቶ ነው» እንላለን። አርጅቶ ላይሆን ይችላል፤ ቁስሉ ነው። ስለሆነም ስለ ገረዛ የተማርነውን ለፈተና ብቻ ሳንተወው፣ የተሳለ መጋዝ ይዘን፣ ዝናብ በሌለበት ጊዜ፣ አንገትጌውን አይተን እንቁረጥ። የሂሮሳኪ አትክልተኞች ከጎረቤታቸው የፖም ገበሬ ለመማር አላፈሩም። እኛም ከቼሪው የተማርነውን ወደ ኮካችን ብንወስደው ይበጃል እላለሁ።