የየቲም ንብረት በመዝገብ ሲጠበቅ፦ ስለ ተከታታይ የዕቃ ምዝገባ



በዚህ ትምህርታችን አባታቸው ሱቅ ትቶላቸው ያለፈ የቲሞችን ንብረት የሚያስተዳድር ሞግዚት የዕቃውን ገቢና ወጪ እንዴት መመዝገብ እንዳለበት እንመለከታለን። የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ፣ የሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽም የየቲሞች ገንዘብ ሲመለስላቸው ምስክር እንዲቆምበት ያዛሉ። ምስክር ግን የሚመሰክረው በታወቀና በተቆጠረ ነገር ላይ ነው።

በብዙ ሱቆች ዕቃ የሚቆጠረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 30 ላይ ነው። በዚህ ልማድ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ የሚገኘው በቅነሳ ነው፤ ቀድሞ ከነበረውና ከተገዛው ድምር ላይ የቀረው ይቀነሳል። ስለዚህ የጠፋውም የተሰረቀውም እንደ ተሸጠ ይቆጠራል። በተከታታይ ምዝገባ ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በዕለቱ ይጻፋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እየሆነ ቀሪው በቢን ካርድ ላይ የሚታየው በዚሁ መንገድ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የደሴ ሱቅ ከአዲስ አበባ 40 ብርድ ልብስ፣ እያንዳንዱን በ600 ብር፣ በዱቤ ገዛ እንበል። (ለትምህርቱ ቅለት ታክሱን ትተነዋል።)

1. ግዥ፦ የዕቃ ሂሳብ ዴቢት 24,000፤ ተከፋይ ሂሳብ ክሬዲት 24,000።

2. እስከ ኮምቦልቻ መጋዘን የተከፈለ ማጓጓዣ፦ የዕቃ ሂሳብ ዴቢት 1,000፤ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 1,000። አሁን የአንዱ ዋጋ 625 ብር ሆነ።

3. ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 15 ብርድ ልብስ ቢዛወር ሽያጭ አይደለም፤ በሁለቱ ቦታዎች ካርድ ላይ ብቻ ይጻፋል።

4. ሽያጭ፦ 10 ብርድ ልብስ በ800 ብር ሲሸጥ ሁለት ምዝገባ ያስፈልጋል። ጥሬ ገንዘብ ዴቢት፣ ሽያጭ ክሬዲት 8,000፤ እንዲሁም የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ዴቢት፣ የዕቃ ሂሳብ ክሬዲት 6,250።

5. ተመላሽ፦ ደንበኛ አንዱን ቢመልስ የሽያጭ ተመላሽ ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ ክሬዲት 800፤ የዕቃ ሂሳብ ዴቢት፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ ክሬዲት 625።

መዝገቡ አሁን 31 ብርድ ልብስ፣ 19,375 ብር ያሳያል። በቆጠራ 30 ብቻ ቢገኝ የጎደለው 625 ብር በሽያጭ ውስጥ ሊደበቅ አይችልም፤ ጉድለት ተብሎ ይጻፋል፣ ምክንያቱም ይጠየቃል። ሞግዚቱም ታማኝ ከሆነ ከሐሜት የሚያድነው ይኸው ነው።

መዝገብ ቆጠራን አያስቀርም፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩ መቁጠር ይገባል። ከተቻለም ዕቃውን የሚጠብቀውና መዝገቡን የሚይዘው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚል መስመር የተሰመረበት ደብተር ይበቃዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በርካታ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል። በእንዲህ ያለ መከራ በዕለቱ የነበረውን ዕቃ የሚናገር ጽሑፍ ከሌለ የየቲሞቹ ንብረት ስንት እንደነበረ በእርግጥ የሚናገር አይገኝም። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።